ሣሩ የጠጣውና እኛ የጠጣነው ውኃ

በዚያ እሁድ ጠዋት ከአል ዓይን ወጣ ብሎ ባለው የቴምር እርሻ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች በቅድሚያ በየስማችን ልጥራ። ቀሲስ ታደለ ነበሩ፤ ከአቡ ዳቢ የመጡ፣ በሥራ ቀን የልብስ ማጠቢያ ቤት መኪና የሚነዱ፣ በበዓል ቀን ካባቸውን በፌስታል አጣጥፈው የሚዞሩ ካህን። እትዬ አልጋነሽ ነበረች፤ አል ቶዋያ በአንድ ትልቅ ቪላ ምግብ አብሳይ የሆነች፣ በዕድሜ ከሴቶቹ ሁሉ የምትበልጥ፣ የዕለቱን መሰባሰብ ያዘጋጀችው። ታላቅ እኅቴ ስንዱ ነበረች፤ ባኒያስ የሰው ልጆች የምታሳድግ። ሕይወት ነበረች፤ አቡ ዳቢ በአንድ ክሊኒክ ነርስ የሆነች፣ ጴንጤ፣ ስንዱን በራሷ መኪና ያመጣችልን ጓደኛችን። ደምሰው ነበር፤ የእርሻው ሙዲር፣ ማለትም ባለቤቱ በሌለበት ሁሉን የሚያዝ የሀገራችን ሰው። ያኔ «ጋሼ» እና «እርስዎ» እለው ነበር፤ ዛሬ ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ። ጉል ነበረ፤ የውኃ ቦቴ የሚነዳ ፓኪስታናዊ። እኔ ብሩክ ነበርኩ። ከእትዬ አልጋነሽ ጋር በአንድ ሚኒባስ የመጡ ሴቶችም ነበሩ፤ የጥቂቶቹን ስም አውቃለሁ፣ የብዙዎቹን አላውቅም። ከእኛ ራቅ ብሎ ደግሞ በሠራተኞች ማደሪያ ውስጥ ታመው የተኙ የባንግላዴሽ ልጆች ነበሩ። እነሱን ማንም አልጠራቸውም።

እኔ ያኔ የእርሻው የፓምፕና የቧንቧ ሠራተኛ ነበርኩ። ኮምቦልቻ ላይ ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጬ ነው የመጣሁት። ስለ ፓምፕ የማውቀውን የተማርኩት በስልኬ ቪዲዮ እያየሁ፣ ተበላሽቶ የተጣለውን እየፈታሁ ነው። ብዙ አልናገርም። አንድ ነገር በዝርዝር ካልገባኝ ግን ቀኑን ሙሉ ያሳክከኛል።

ይህን ታሪክ ለመከተል ስለ እርሻው ውኃ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋችኋል። እርሻው ሦስት ዓይነት ውኃ ነበረው። አንደኛው የጉድጓድ ነው። ዝናብ በማይዘንብበት አገር ከመሬት በታች ያለው ውኃ የጥንት ስጦታ ነው፤ ሰው ግን ለከብት መኖና ለጌጥ ሣር በፓምፕ ሲስበው ከሚተካው በላይ ይስበዋል። እኔ ራሴ በሠራሁባቸው ዓመታት ፓምፑን ደጋግሜ ወደ ታች አውርጃለሁ። ባወረድኩት ቁጥር ውኃው ጨው እየሆነ መጣ፤ በመጨረሻ የቧንቧውን አፍ ነጭ ጨው ይጋግርበት ጀመር። ሁለተኛው የመጠጥ ውኃ ነው፤ የባሕር ውኃ ብዙ ኃይል ፈጅቶ ጨው ይወጣለትና በቦቴ ይመጣልናል። ሦስተኛውን «የዛፍ ውኃ» እንለዋለን። ከከተማው መጸዳጃና ማጠቢያ ቤት የወጣ ፍሳሽ ተጣርቶ ለተክል የሚሰጥ ነው። ለቴምር በጣም ጥሩ ውኃ ነው። ለሰው ግን አይደለም፤ የሚያመጣውም ቦቴ በጎኑ ላይ በዓረብኛና በእንግሊዝኛ «አይጠጣም» የሚል ተጽፎበታል።

ያን ሳምንት ደምሰው ፓምፕ እንድጠግን ወደ ባለቤቱ ሌላ እርሻ ልኮኝ ነበር። ቅዳሜ ማምሻውን ተመለስኩ። መጀመሪያ ያየሁት ሣሩን ነው። በእንግዳ መቀበያው ፊት ለፊት ያለው ሣር እኔ ስሄድ በጉድጓዱ ጨው ተቃጥሎ ጠርዝ ጠርዙ ቢጫ ነበር። ስመለስ አረንጓዴ ሆኗል፤ ጫፉ ላይ የጨው ነጥብ እንኳ የለበትም። ደስ አለኝ ማለት አልችልም፤ ጨው በአንድ ሳምንት ውስጥ ከአፈር እንዴት እንደሚታጠብ ሳስብ ነው ያመሸሁት።

ጠዋት ማደሪያው ስገባ የባንግላዴሽ ልጆች ግማሾቹ ተኝተዋል። አንዱ ሆዱን ይዞ ተጠቅልሏል።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩት።

«ሆድ» አለ፣ «ሁላችንም ሆድ።»

ደምሰው ከበስተጀርባዬ መጥቶ፣ «ጉንፋን ነው። እነዚህን ታውቃቸዋለህ፣ ብርድ መጣ ሲባል ይተኛሉ» አለና አለፈ። በእጁ የታሸገ ውኃ ይዟል። ሁልጊዜም የታሸገ ውኃ ይይዝ ስለነበር ልብ አላልኩትም።

ሻይ አፈላሁ። ስቀምሰው አንድ ነገር ሸተተኝ፤ ታጥቦ ሳይደርቅ ፌስታል ውስጥ የከረመ ጨርቅ ዓይነት ሽታ። ሮቶውን በኬሚካል አጥበውት ይሆናል ብዬ ስኳር ጨመርኩበትና ጠጣሁት። ዛሬም ይህን መስመር ስጽፍ ምላሴ ወደኋላ ይሸሻል።

ሴቶቹ የመጡት ረፋዱ ላይ ነው። ጥምቀት የዋለው በሥራ ቀን ስለነበር፣ ማዳሞቻቸው ያልለቀቋቸው ሴቶች ዕረፍታቸው እሁድ ሲደርስ ተሰብስበው ጠበል ይወስዳሉ። ቦታውን የሰጠው ደምሰው ነው። በዚህ ሁሉም ያመሰግኑታል፤ እኔም አመሰግነው ነበር። እትዬ አልጋነሽ አዲስ ሰማያዊ በርሜል ገዝታ አምጥታ ነበር። ከእኛ ከሠራተኞቹ ሮቶ በሚወርደው ቧንቧ ሥር አስቀመጠችውና ከፈተችው። ውኃው እየሞላ ሳለ ጎንበስ ብላ አሸተተችው።

«ብሩኬ፣ ና እስቲ» አለችኝ። «ይሸታል አይደል?»

«ይሸታል እትዬ። ጠዋት ሻዬም ሸቶኛል።»

እኔ ይህን ስል ፊቷ ላይ ቅሬታ ይወጣል ብዬ ነበር። እሷ ግን ፈካች። «ይኼ ኃይል ያለው ውኃ ነው» አለች። «የኛ አገር ጠበል ምን የሚሸት ይመስልሃል? የፍል ውኃው፣ የድኙ? ሰው አፍንጫውን ይዞ እየጠጣ አይደል የሚድነው?»

ሴቶቹ ተጠግተው አሸተቱ። አንዷ፣ «እውነትሽን ነው፣ እንደኛ ሰፈሩ ነው» አለች። ሌላዋ በመዳፏ ጨልፋ ግንባሯን ቀባች። በሌላ አገር ሰው ዘንድ ሽታው ውኃውን ያስደፋው ነበር። እኛ ዘንድ ዋጋውን ጨመረው። ብዙዎቻችን እየመረረን፣ እየጎፈነነን ጠጥተን የዳንን ልጆች ነን፤ ለዚህ ነው የተሳሳትነው።

ስንዱና ሕይወት የደረሱት በዚህ መሃል ነው። ስንዱ ከስታለች። ባለፈው ዓመት ኩላሊቷን ታማ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ስትወጣ ማዳሟ ሁለተኛ ከታመመች ወደ አገሯ እንደምትልካት ነግራታለች። ስንዱ ደግሞ ያሳደገቻቸው የሰው ልጆችም፣ ኮምቦልቻ እናታችን ዘንድ ያለችው የራሷ ልጅም በእሷ እጅ ናቸው። ይህን ጠበል ልትጠጣው ብቻ አልነበረም የመጣችው፤ ጄሪካን ይዛለች። ለሳምንት ያህል በባዶ ሆዷ ልትጠጣው አስባለች።

«እታለም፣ ሐኪሙስ ምን አለሽ?» አልኳት።

«ንጹሕ ውኃ በብዛት ጠጪ አለኝ። ይኸው ልጠጣ መጣሁ» ብላ ሳቀች።

እትዬ አልጋነሽ ሕይወትን አየቻት። «አንቺስ ጴንጤዋ? ለመኪናሽ ነው ወይስ ለነፍስሽ የመጣሽው?»

«ለስንዱ ነው እትዬ» አለች ሕይወት። «እናንተ ስትረጩ እኔ መስኮቴን እዘጋለሁ።»

«ዝጊው ብቻ፣ ጠበል በመስታወት ያልፋል።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቀሲስ ታደለ ካባቸውን ከፌስታሉ አውጥተው እያራገፉ፣ «አልጋነሽ፣ ልጅቱን ተያት፤ ሹፌር የምናጣው አንቺ በተናገርሽ ቁጥር ነው» አሉ። ከዚያ ጸሎቱ ተጀመረ።

ረጅም ጸሎት ነበር። ደምሰው ነጠላ ለብሶ ከፊት ቆሟል። እኔ ከኋላ ነኝ። ቀሲስ መስቀላቸውን ውኃው ውስጥ ሲያጠልቁ ከበሩ በኩል የሞተር ድምፅ ሰማሁ። የጉል ቦቴ ነው። ጉል የሚያመጣው ምን ጊዜም የዛፍ ውኃ ነው፤ የመጠጥ ውኃ የሚያመጣው ሌላ ሹፌር ነው። ስለዚህ ወደ ቴምሩ ገንዳ ይታጠፋል ብዬ ጠበቅኩ። አልታጠፈም። ቀጥ ብሎ መጥቶ የኋሊት ዞረና በእኛ ሮቶ ሥር ቆመ። ወረደ፤ የውኃ ማውረጃውን ጎማ ተሸክሞ መሰላሉን ወጣ፤ የሮቶውን ክዳን ከፈተ።

መጀመሪያ ተሳስቷል ብዬ አሰብኩ። ከሴቶቹ መሃል ቀስ ብዬ ወጥቼ ወደ እሱ ሄድኩ።

«ጉል፣ የት ልታወርደው ነው? ይኼ የመጠጥ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሙዲሩ ነው ያለኝ። አንተ ከሄድክ ጀምሮ እዚህ ነው የማወርደው።»

«የመጠጡስ ቦቴ?»

ጉል በአገጩ ሣሩን አሳየኝ። «ሣሩ ይጠጣዋል።»

የሚረጩት ቧንቧዎች በሣሩ ላይ እየተሽከረከሩ ነበር። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዓይኔ እያያቸው አእምሮዬ አላያቸውም። የጨው ነጥብ ያልነበረው ለዚህ ነው።

«ለምን አልነገርካቸውም? እነዚያ ልጆች ታመዋል» አልኩት።

«ነግሬያቸዋለሁ። ሙዲሩ ጤነኛ ነው ብሎናል አሉኝ።» ከዚያ የራሱን ትርሙስ ከመኪናው አውጥቶ አሳየኝ። «እኔ ከዚህ ነው የምጠጣው። አንተም አትጠጣው። ውኃው ቢጣራም የዚህን መኪና ሆድ ያጠበው የለም።»

ጎማውን ለመዝጋት እጄን ስሰድ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ። ደምሰው ነው። ነጠላውን እንደለበሰ ነው የመጣው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ጋሼ፣ ይኼ ወደ መጠጡ እየገባ ነው።»

«አውቃለሁ። ድምፅህን ቀንስ።» ፈገግ እንዳለ ነበር የሚናገረው፤ ሴቶቹ ዞር ቢሉ ጨዋታ እንዲመስላቸው። «ባለቤቱ በሳምንቱ መጨረሻ እንግዳ ይዞ ይመጣል። ሣሩ ተቃጥሎ ነበር። የዛፉን ውኃ ባጠጣው ይሸታል፤ እንግዶቹ እኮ ሣሩ ላይ ነው ምንጣፍ አንጥፈው የሚቀመጡት። የመጠጥ ውኃ ደግሞ በልክ ነው የሚመጣልኝ። ምን ላድርግ?»

«እኛ እንድንጠጣው?»

«የተጣራ ነው። ደግሞ ለጥቂት ቀን ነው።»

«ልጆቹ ታመዋል።»

«ሰው ሲታመም ሐኪም አለ» አለ። «ሣር ሲሞት ምን አለ?»

ይህን ቃል በቃል ነው የጻፍኩት። ሲናገረው ፊቱ ላይ ክፋት ፈለግኩ፤ አልነበረም። የተጨነቀ ሰው ፊት ነው። ያ ነው ይበልጥ የቀፈፈኝ።

«እኅቴ ኩላሊቷን ታማለች» አልኩት። «ጠበል ብላ ልትጠጣው ነው።»

«እንግዲህ ቄሱ ባርከውታል። አታምንም እንዴ? አንተ ይኼ ስልክህ ላይ የምታነበው ነገር ነው ያበላሸህ።» ክንዴን ጠበቅ አደረገው። «የስንት ሰው በዓል ልታበላሽ ነው? ኢቃማህ የሚታደስበት ጊዜ መድረሱን እንዳትረሳ።» ኢቃማ ያለው የመኖሪያ ፈቃዴን ነው።

ክንዴን ነጠቅኩትና ሄድኩ። ጸሎቱ አልቆ ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ከበርሜሉ ሞልተው ተሰልፈዋል። በሽተኛ ይቅደም ተብሎ ስንዱን ከፊት አድርገዋታል። ስደርስ ጽዋውን ከአፏ ላይ አውርዳ ከንፈሯን በነጠላዋ እየጠረገች ነው።

«ጠጣሽው?»

«ሁለት ጉንጭ» አለች። «ምን ሆነሃል? ፊትህ ጠቁሯል።»

«አትድገሚ። ከጄሪካንሽም አትጠጪ።»

«ብሩክ፣ ዛሬ እንዳትጀምረኝ» አለች በሹክሹክታ። እሷም እምነቴን ያጣሁ መስሏታል። ልታስረዳኝ ሳይሆን ልታፍርብኝ ነው የተዘጋጀችው።

እኔ ሰው ፊት ቆሜ ድምፄን ከፍ አድርጌ ተናግሬ አላውቅም። ብናገርስ ማን ይሰማኛል? የተባረከን ውኃ ፍሳሽ ነው የሚል ልጅ። ስለዚህ ቀሲስ ታደለ ዘንድ ሄጄ መስቀል የምሳለም መስዬ ጎንበስ አልኩና በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«አባታችን፣ ውኃው የመጠጥ አይደለም። ከከተማው ፍሳሽ የተጣራ ነው። ለዛፍ ነው የሚመጣው።»

መስቀሉ እጃቸው ላይ ቆመ። «ማን ያውቃል?»

«እኔ፣ ያ ሹፌር፣ ጋሼ ደምሰውም።»

«ደምሰው ያውቃል?»

«እሱ ነው ያዘዘው።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፤ አመንኩህም አላሉም። ቀና ብለው ሰልፉን አዩ። ሁለተኛዋ ሴት እጇን ዘርግታለች። ጽዋውን ከበርሜሉ ሞሉትና ለእሷ ሳይሰጡ ያዙት።

«እስቲ ቆዩ ልጆቼ» አሉ። «ደጁን የከፈተልን ሰው ሳይቀምስ እኛ መሻማታችን ነውር ነው። ደምሰው፣ ና።»

ሴቶቹ መንገድ ከፈቱለት። «እውነት ነው፣ ይቅደም» አሉ። ደምሰው መጣ። ጽዋውን አየው፤ አልተቀበለም።

«እኔ እንኳ ቁርስ ቀምሻለሁ አባታችን። ለእህቶቼ ይድረስ።»

ጠበል በባዶ ሆድ እንደሚጠጣ ሁላችንም እናውቃለን፤ ማንም የማይከራከረው ሰበብ ነው። እትዬ አልጋነሽ ግን ተከራከረች። «መቼ በላህ? አሁን በርሜሉን ስናወርድ ዳቦ ስሰጥህ፣ ጠበሉን ሳልቀምስ አልበላም ብለኸኝ አልነበር?»

«ኋላ ቀመስኩ።»

«ግድ የለም» አሉ ቀሲስ። «ለበላ ሰው መረጨት አለ። ፊትህን ስጠኝ።»

እጃቸውን ጽዋው ውስጥ ነክረው አነሱ። ደምሰው አንድ እርምጃ ወደኋላ ሄደ፤ ከንፈሩን ገጥሞ አፉን በነጠላው ጫፍ ሸፈነ። አውቆ ያደረገው አይመስለኝም። የሞላ ሽንት ቤት አጠገብ ሲያልፉ እጅ ራሱ እንደሚያደርገው ነው።

ሁለተኛዋ ሴት የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች።

«ልጄ» አሉ ቀሲስ፣ «ከምኑ ነው የምትሸሸው? ከጠበሉ ነው ወይስ ከውኃው?»

«የተጣራ ነው» አለ ደምሰው። «በማሽን ነው የሚጣራው። ዝም ብላችሁ አታጋንኑት።»

«ከምን ነው የተጣራው?» አለች እትዬ አልጋነሽ። እሱ ነጠላውን ማስተካከል ያዘ። ወደ እኔ ዞረች። «ብሩክ፣ ከምን ነው?»

«ከፍሳሽ» አልኩ። «ከሽንት ቤትና ከማጠቢያ።»

ስንዱ አፏን ያዘች። ግንባሯን የቀባችው ሴት ግንባሯን በአሸዋ ማሸት ጀመረች። አንዷ ተንበርክካ ማስመለስ ጀመረች፤ አጠገቧ ያለችው እሷን አይታ አስመለሰች። ሕይወት የመኪናዋን በር ከፍታ እየሮጠች መጣች። እትዬ አልጋነሽ ግን ቆማ ቀረች። «እኔ ነኝ» አለች፣ «ኃይል አለው ያልኩት እኔ ነኝ። አሸትቼው እኮ ነበር።» ደጋግማ አለችው።

«አፋችሁን ታጠቡ፣ ከዚህ ሮቶ ግን እንዳትነኩ» አለች ሕይወት። «ንጹሕ ውኃ የት አለ?»

ያን ጊዜ ለመናገር የሚቀፈኝን ነገር ተናገርኩ። በዚያ ሁሉ ግቢ ውስጥ ሰው የሚጠጣው ውኃ የነበረው አንድ ቦታ ብቻ ነው። ጣቴን ወደ ሣሩ ዘረጋሁ።

ሴቶቹ በነጭ ቀሚሳቸው ወደ ሣሩ ሮጡ። በሚሽከረከሩት ቧንቧዎች ሥር ተንበርክከው መዳፋቸውን ዘርግተው የሚረጨውን ይቀበላሉ፤ ይጉመጠመጣሉ፤ ይጠጣሉ። ስንዱ በደረቷ ተኝታ አፏን ከቧንቧው አፍ ገጥማ ነበር። እኅቴን እንዲያ መሬት ላይ ተዘርግታ ከሣር ተሻምታ ስትጠጣ ቆሜ አየሁ። የሚያቅለሸልሸኝ የፍሳሹ ሽታ ነው ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። አይደለም፤ ያ ነው።

ደምሰው ከኋላችን መጣ።

«ሣሩን አትርገጡት» አለ።

ስንዱ አፏን ከቧንቧው አላነሳችም።

ቀሲስ ታደለ በርሜሉ አጠገብ ለብቻቸው ቀርተው ነበር። ስጠጋቸው፣ «ጸሎቱ ጸሎት ነው፣ ደርሷል» አሉኝ። «ውኃውን ግን የትም አንደፋውም። ለዛፍ ከመጣ ለዛፍ ይሂድ፤ እግር በማይረግጠው ቦታ።» በርሜሉን ለሁለት ተሸክመን ከቴምሮቹ ሥር አፈሰስነው። ሴቶቹም ጄሪካኖቻቸውን እያመጡ ገለበጡ። አፈሩ ቶሎ መጠጠው። ያ ውኃ በዚያች ደቂቃ የተፈጠረለትን ሥራ ሠራ፤ በቦታው ሲውል ምንም ነውር አልነበረበትም።

ስንዱ በማግስቱ ትኩሳት ያዛት። ሕይወት መድኃኒት ሰጥታ እንድትተኛ ብትነግራትም አልተኛችም፤ ማዳሟ እንዳታውቅባት ልጆቹን እያጠበች፣ ወለል እየወለወለች ቆየች። ኋላ ማዳሟ መታጠቢያ ቤት ወድቃ አገኘቻት። ሆስፒታል አስገባቻት፤ ክፉ ሴት አልነበረችም። ስትድን ግን የተናገረችውን ፈጸመች፤ ትኬት ቆረጠችላት። ሁለቱ ጉንጭ ብቻውን ነው ያደረሳት ወይስ የቆየው በሽታዋ? ሐኪሙ በእርግጠኝነት አልነገረንም፤ እኔም የማላውቀውን አልጽፍም። በአውሮፕላን ማረፊያው ያሳደገቻቸው ልጆች በስልክ በእንግሊዝኛ ሲያለቅሱባት ሰምቻለሁ።

ባለቤቱ እንግዶቹን ይዞ ሲመጣ ሁሉን በተሰባበረ ዓረብኛዬ ነገርኩት። ከልቡ ደነገጠ። ሮቶው እንዲታጠብና የመጠጥ ውኃ እንዲሞላ በዚያው ሰዓት አዘዘ፤ የታመሙት ልጆችም ሐኪም ዘንድ ተወሰዱ። «ኸላስ፣ ተስተካክሏል» አለኝ። ደምሰውን አላስወጣውም። ሣሩም አልተነሣም። እንግዶቹ ምንጣፍ አንጥፈው ተቀመጡበት። እኔ ኢቃማዬ ሲያልቅ አላሳደስኩም፤ ሌላ ካፊል፣ ማለትም ዋስ የሚሆነኝ አሠሪ ፈልጌ አቡ ዳቢ ገባሁ። ዛሬ በሕንጻዎች ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ እየፈለግሁ እጠግናለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ያ ቀን ከእኔ የወሰደው ውኃን እንደ ቀላል ነገር ማየትን ነው። ስለ ውኃ እጥረት ሲወራ ሰዎች ሰማዩን ይወቅሳሉ፤ ዝናቡ ቀረ፣ ሙቀቱ ጨመረ ይላሉ። እውነት አለው። ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ያን ቀን ውኃ አልጠፋም ነበር። ለሰው የሚበቃ የመጠጥ ውኃ ነበር፤ ለዛፍ የሚበቃ የተጣራ ውኃም ነበር። የተለዋወጡት አንድ ሰው ሣር እንዳይሸት ስለፈለገ ነው። የጉድጓዱም ጨው እንደዚያው ነው፤ ነገ ይሞላል እያልን ስንስበው ነው ጨው የሆነው። ስንዱ አሁን ኮምቦልቻ ናት። እዚያ ወንዝ አለ፣ ዝናብ አለ፤ ቧንቧዋ ግን ብዙ ቀን ድምፅ ብቻ ነው የምታወጣው፤ ውኃው ሰፈሯ ሳይደርስ በአሮጌ መስመር መንገድ ላይ ይፈሳል። እዚያ ያለው ችግር ቧንቧ የሚጠግን ማጣት ነው፣ እዚህ ያለው ደግሞ ማን ይቅደም የሚል ጥያቄ ነው።

አንዳንድ ዕረፍት ቀን ወደ አል ዓይን ኦአሲስ፣ ከተማው መሃል ወዳለው የቴምር ደን እሄዳለሁ። በቴምሮቹ መሃል ፈለጅ የሚሉት ጥንታዊ የውኃ ቦይ ያልፋል፤ እያንዳንዱ አትክልት ተራው ሲደርስ ይከፈትለታል፣ ሲያልቅ ይዘጋል። መፍትሔው ከዚህ የራቀ አይመስለኝም፦ የተጣራውን ፍሳሽ ሳንጸየፍ ለዛፍ መስጠት፤ የመጠጡን ለሰው ማስቀደም፤ ያረጀ ቧንቧ መጠገን፤ በረሃ ላይ ሣር ባይኖር እንደማናፍር መወሰን። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል። ማሽን አይሠራውም።

አሁን ወደ እናንተ ልመለስ፣ በዚያ ቀን አብራችሁኝ ወደ ነበራችሁ። እትዬ አልጋነሽ ኋላ ስትቆጥር የተገለበጡት ጄሪካኖች ከሴቶቹ በአንድ አነሱባት። ጸሎቱ እንዳለቀ፣ ገና እኔ ከጉል ጋር ሳወራ፣ ከመካከላችሁ አንዷ ማዳሟ ደውላባት ከሰልፉ በፊት በራሷ ቀድታ በታክሲ ሄዳለች። ሻንጣዋ ላይ ቀይ ጨርቅ አስራ ነበር ይላሉ፤ አል ቶዋያ ናት የሚሉም አሉ፤ ስሟን የሚያውቅ አላገኘሁም። ቀሲስም እትዬ አልጋነሽም ያልነገሩኝ፣ እኔም የሳትኩት ነገር ካለ ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩትንም አርሙኝ። ከሁሉ በፊት ግን እሷን የምታውቁ ንገሩኝ። አንቺም ራስሽ ይህን የምታነቢ ከሆነ፣ ጠበሉ አልጋሽ ሥር በጨርቅ ተሸፍኖ ተቀምጦ ከሆነ፣ በጠዋት አትጠጪው። ዛፍ ፈልገሽ ሥሩ አፍስሺው። ጠጥተሽው ከሆነም ጻፊልኝ፤ እንዴት እንደሆንሽ ማወቅ እፈልጋለሁ።